ከክዳኑ ስር ያለችው ጎማ

የጀልባዬ ሞተር መቆራረጥ የጀመረው ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ባደረ ማግስት ነው። ቁልፉን አዞርኩ፣ ተነሳ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ደህና ሠራ። ከዚያ ዳገት እንደወጣ ሰው ያለከልክ ጀመር። ነዳጅ ስጨምርለት ጭራሽ ባሰበት። ከማሰሪያው ብዙም አልራቅኩም ነበርና ቀስ እያልኩ መለስኩት፣ አጠፋሁት፣ የሞተሩን ክፍል ከፍቼ አናፈስኩና የነዳጅ ፊልትሮውን ፈታሁ።

ፊልትሮው ውስጥ የነበረውን የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ገለበጥኩት። ትንሽ ሲረጋ ለሁለት ተከፈለ። ከላይ ቢጫ ቢጤ ጥርት ያለ ቤንዚን፣ ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ደፍረስ ያለ ውሃ፣ መሃላቸው ደግሞ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን መስመር። ብልቃጡን ሳዘነብለው ከታች ያለው ውሃ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይሄድና ተመልሶ ይጠራቀማል። ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት።

አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ አንድ ሊትር ውሃ ደግሞ 1 ኪሎ። ስለዚህ ውሃ ታንከር ውስጥ ከገባ ቀጥ ብሎ ታች ይወርዳል። ሞተሩ ነዳጅ የሚስብበት ቱቦ ጫፍም ያለው እዚያው ታች ነው። ቤንዚኑ ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። 10 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን 0.5 በመቶ ገደማ ውሃ ሟሙቶበት ሊይዝ ይችላል፣ ከዚያ ሲያልፍ ግን ኢታኖሉ ከውሃው ጋር ተያይዞ ከቤንዚኑ ይለይና አብሮ ታች ይቀመጣል። ለ100 ሊትር ታንከር ግማሽ ሊትር ውሃ በቂ ነው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ሁሉ ትክክል ይመስል ነበር፣ ግን ምንጩን አልነካም። ፊልትሮ ቀየርኩ። የታንከሩን ታች በእጅ ፓምፕ መጥጬ አወጣሁ። መጨረሻ የቀዳሁትን ቤንዚን ጠረጠርኩ። ቀጥሎ «የታንከር ላብ ነው» አልኩ፣ ማለትም እርጥብ አየር ውስጥ ገብቶ ግድግዳው ላይ ጤዛ ሆኖ የሚንጠባጠበውን። ሁለት ሳምንት ደህና እሄዳለሁ፣ ዝናብ ይመጣል፣ ተመልሶ ያው። በሦስተኛው ፊልትሮ ላይ ነው ቆም ብዬ ያሰብኩት። ጎርፉ የሚገባበትን በር ሳልዘጋ ቤት እየጠረግኩ ነበር።

ጀልባው ሁለት ታንከር አለው፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ። ሁለቱን የምሞላው በአንድ ቀን፣ ከአንድ ማደያ ነው። ከሁለቱም ታች ለየብቻ ስቀዳ ውሃ ያገኘሁት በቀኙ ብቻ ነው። ታዲያ ቤንዚኑ ቆሻሻ ቢሆን ኖሮ ግራውም አይተርፍም ነበር። ላብ ቢሆንም እንዲሁ። በቀኝና በግራ መካከል ልዩነት ያለው ከላይ፣ ወለሉ ላይ ነው። ባትሪዎቹ በቀኝ በኩል ስለተቀመጡ ጀልባው ቆሞ ሲያድር በትንሹ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ እናም የዝናቡ ውሃ የሚተኛው ልክ በቀኙ የነዳጅ መሙያ ክዳን ዙሪያ ነው። ስንት ጊዜ በላዩ ረግጬ አልፌያለሁ!

ለሰዎች ደጋግሜ የምነግረው ሙከራ ይኼ ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ ጥርሱንና የመሙያውን አንገት ውስጥ በጨርቅ እስኪደርቅ ጥረጉ። ነጭ የሶፍት ወረቀት አጣጥፋችሁ በክር አንጠልጥላችሁ አንገቱ ውስጥ፣ ከክዳኑ በታች እንዲሆን አድርጉ። ክሩ ላይ አንድ ነገር እሰሩበት፣ ወረቀቱ ወደ ታንከር እንዳይወድቅ። የክሩ ጫፍ ግን እላይ አንገቱ ውስጥ ይቅር እንጂ ክዳኑን ከሚያሽገው ቀለበት ጎማ ስር አይለፍ፣ አለበለዚያ ራሱ ክሩ ውሃ ያስገባል። ክዳኑን ዝጉና አሥር ደቂቃ ያህል ውሃ አፍስሱበት። ሲከፈት ወረቀቱ ይናገራል። የኔው ወረቀት በአንድ በኩል ርሶ ተጨማዶ ወጣ።

እዚህ ላይ ለመድረስ ግን ክዳኑ መከፈት ነበረበት፣ እሱ ራሱ አንድ ቀን ፈጀ። ላዩ ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት፣ ባለሁለት ጥርስ ቁልፍ የሚገባባቸው። ቀዳዳዎቹ በካቻቢቴ ብዛት ተበልተው ሞላላ ሆነዋል፣ ከኔ በፊት የነበረው ሰው ቁልፉ ጠፍቶበት ሳይሆን አይቀርም። እኔ ልክ የሆነ ቁልፍ አገኘሁለት፣ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ዙሪያውን አንጠባጠብኩ፣ ሙቅ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ከንፈሩ ላይ አስቀመጥኩ፣ ጠበቅኩ፣ በእንጨት መዶሻ ቀስ አድርጌ መታ መታ አደረግኩ፣ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ሙቅ ውሃ። አደራ፣ እሳት የሚባል ነገር እዚያ አጠገብ አይድረስ። የጋዝ ችቦም ሆነ የሞቀ አየር የሚነፋ መሣሪያ ጨርሶ አታስቡት። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ አይታይም፣ እየወረደ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል።

ሲከፈት ጎማዋን አየኋት። ኦሪንግ የሚሏት ይህች ቀለበት ጎማ ክብ መሆኗ ቀርቶ እንደ ጥብጣብ ተጨፍልቃለች። በጥፍሬ ስጫናት አልሰመጠችም፣ ደርቃ ፕላስቲክ ሆናለች። ጎንበስ ጎንበስ ሳደርጋት ዙሪያዋን በሙሉ በጥቃቅን ስንጥቅ ተሞልታለች፣ አንዱ ስንጥቅ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፋል። ይህቺ ናት ሦስት ፊልትሮ ያስጨረሰችኝ።

ቀጥሎ የገረመኝ ውሃው እንዲህ በብዛት እንዴት እንደገባ ነው። ክዳን ላይ የተኛ ውሃ ቢንጠባጠብ ስንት ይንጠባጠባል? ነገሩ ወዲህ ነው፤ ታንከር ይተነፍሳል። ቀን ፀሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየርና ትነት ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ በመተንፈሻው ቱቦ ይወጣል። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ነገር በአንዴ ይቀዘቅዛል፣ አየሩ ይኮማተራል፣ ታንከሩ ከውጭ መሳብ ይጀምራል። መተንፈሻው ክፍት ከሆነ የሚስበው አየር ነው፣ ምንም አይደለም። የኔ መተንፈሻ ግን ወንፊቱ ላይ ነፍሳት የጭቃ ጎጆ ሠርተውበት አብዛኛው ተደፍኗል። ስለዚህ የጎደለውን በክዳኑ በኩል መሳብ ነበረበት፣ በክዳኑ ዙሪያ ደግሞ የተኛው ውሃ ነው። ያረጀ ጎማና የተደፈነ መተንፈሻ ተጋግዘው ክዳኑን የውሃ መምጠጫ አደረጉት። ክዳን የምትቀይሩ ሁሉ መተንፈሻውን ሳታዩ አትለፉ የምለው ለዚህ ነው።

ጎማ ብቻ ቀይሬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ብዙ ጊዜ በቂም ነው፣ መጀመሪያ የሚሞከረውም እሱ ነው። የኔው ግን ክዳኑ ራሱ አልቋል። ክሮሙ ተነፋፍቶ ተልጧል፣ ጎማዋ የምታርፍበት ቦታ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኗል። እንዲህ ያለ ወለል ላይ አዲስ ጎማም አይጠቅምም። ከክሮሙ ስር ምን ብረት እንዳለ ማወቅ ከፈለጋችሁ የዝገቱን ቀለም እዩ። አረንጓዴ ከሆነ ናስ ወይም ነሐስ ነው፣ ያ ብዙ ጊዜ ተፍቆ ይድናል። ነጭ ዱቄት ከሆነ የዚንክ ቅይጥ ነው፣ እሱ ከውስጥ እየተበላ ነው የሚሄደው፣ አይድንም። የኔ ነጭ ነበር።

እናም ክዳን ፍለጋ ወጣሁ። ክዳን ሁሉ ከላይ ሲታይ አንድ ነው፤ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው። የመጀመሪያው አንድ ዙር ተኩል ገባና ነከሰ። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ገባ፣ ግን ይነቃነቃል፣ ጎማውም ማረፊያው ላይ አይደርስም። ያን ጊዜ ነው ካሊፐር ያነሳሁት። መለካት ያለበት የጥርሱ የውጭ ስፋት፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት (አንዱን ከመለካት አምስቱን ለክቶ ማካፈል ይሻላል)፣ ከክዳኑ ከንፈር እስከ ጥርሱ ጫፍ ያለው ጥልቀት፣ የጎማው ውፍረት። አምራቾች ሁሉ የየራሳቸው ጥርስ አላቸው። አንዳንዱ እንዲያውም ጥርስ የለውም፣ ሩብ ዙር ዞሮ የሚቆለፍ ነው። የጀልባችሁ ክዳን አምራች አሁንም ያንኑ የሚሠራ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፣ ክዳኑን ብቻ ግዙ። ካልሆነ ክዳኑን ከነመሙያው አፍ፣ ማለትም ወለሉ ላይ በብሎን ከሚታሰረው ክብ ብረትና ከአንገቱ ጋር አንድ ላይ ቀይሩ። ልክ ያልሆነውን ክዳን የቧንቧ ክር ጠቅልሎ ማጥበቅን እኔ አልቀበልም። እዚህ ውሃ የሚከለክለው ጥርሱ አይደለም፣ ጎማው ነው። ጥርሱ ሥራው ጎማውን መጫን ብቻ ነው።

እኔ የመረጥኩት 316 የሚባለውን አይዝጌ ብረት ነው፣ ክዳኑም አፉም ከአንድ ብረት። አሉሚኒየም ክዳን ከአይዝጌ አፍ ጋር ተጋብቶ ጨዋማ ውሃ ሲያገኘው አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ከዚያ ሁለቱ ተጣብቀው ይቀራሉ። የናይለን ክዳን አይዝግም፣ ቀላልም ነው፣ ግን ፀሐይ ዓመት በዓመት ያደርቀዋል፣ አንድ ቀን በእግር ሲረገጥ ይሰነጠቃል።

ከመፍታቴ በፊት ባትሪውን አላቀቅኩ፣ ታንከሩን በተቻለ መጠን አጎደልኩ፣ ክፍሉን በደንብ አናፈስኩ። አሮጌው ቱቦ ከአንገቱ ጋር ተጣብቆ እምቢ ሲል መጎተት ትቼ ጫፉን በቢላ በርዝመቱ ሰነጠቅኩት። ቱቦው ለማንኛውም የሚጣል ነበር። ታንከሩ ላይ የቀረውን አፍ ወዲያው ደፈንኩ፣ ትነቱም እንዳይወጣ፣ የተፈቀፈቀው ማስቲሽ ፍርፋሪም እንዳይወድቅበት። ጨርቅ ከከተታችሁ ረጅም ገመድ እሰሩበት።

አሮጌው አፍ ሲነሳ ነው የከፋውን ያየሁት። የወለሉ ፋይበርግላስ በሁለት ስስ ሽፋን መካከል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት አለበት። በብሎኖቹ ቀዳዳ በኩል ለዓመታት ውሃ ሲገባ ኖሮ እንጨቱ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ጥቁር ቡናማ ሆኖ በስብሷል፤ በታጠፈ ሚስማር ስቆፍረው እርጥብ የሻይ ቅጠል ይመስላል። በዚያው ቀን ሁሉንም ጨርሼ መዝጋት አምሮኝ ነበር። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል አሉ። የበሰበሰውን ሁሉ ቆፍሬ አወጣሁ፣ ቀዳዳውን በፕላስቲክ ከልዬ በማናፈሻ ስምንት ቀን አደረቅኩት፣ ከዚያ በወፈረ ኢፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ሞላሁት። አዲሱ አፍ የብሎን ቀዳዳዎቹ ከአሮጌው ጋር አይገጥሙም ነበር፣ ኢፖክሲው ሲደርቅ አዲስ ቀዳዳ መሃሉን በሳሁ። አሁን ውሃ በብሎን በኩል ቢገባ እንኳ የሚያገኘው ኢፖክሲ ነው፣ እንጨቱ ጋ አይደርስም። የቀዳዳውን አፍ በትንሹ ሰፋ አድርጋችሁ ብታጎደጉዱት ብሎኑ ሲጠብቅ የላይ ሽፋኑ አይሰነጠቅም፣ ማስቲሹም እዚያ ይቀመጣል።

ማስቲሹን በተመለከተ ብዙ ሰው ሲሊኮን ያነሳል። ተዉት። ቤንዚን ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቦታው ላይ ሌላ ነገር አይጣበቅም። ጥብጣብ ሆኖ የሚመጣው ቢውታይልም ለመስኮትና ለእጀታ ግሩም ነው፣ ቤንዚን ሲነካው ግን ይሟሟል። ለነዳጅ የሚሆነው ፖሊሰልፋይድ የሚባለው ነው፤ አንዳንድ ፕላስቲክ ስለሚያበላሽ የፕላስቲክ አፍ የምትገጥሙ ከሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ብሎኖቹን ማስቲሹ ዙሪያውን ወጣ ወጣ እስኪል ድረስ ብቻ አጠበቅኩ። እስከ መጨረሻው ከጨመቃችሁት ውስጡ ምንም አይቀርም።

ቱቦው 38 ሚሊሜትር ነው፣ ላዩ ላይ «ኤ2» የተጻፈበት። «ኤ» ለ2.5 ደቂቃ እሳት የሚቋቋም ተብሎ የተፈተነ ማለት ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ትነት በግድግዳው ምን ያህል እንደሚያልፍ ይነግራል፤ 1 ከ2 ይሻላል። መሙያው ቱቦ ሁልጊዜ ነዳጅ ተኝቶበት ስለማይውል 2 ይበቃዋል። በየጫፉ ሁለት ሁለት ፋሸታ (ቱቦውን የሚያጠብቅ ቀለበት)፣ አይዝጌ። ቱቦው ከላይ እስከ ታች መውረድ አለበት፣ መሃል ላይ ሆድ ካበጀ እዚያ ነዳጅ ይተኛል።

ብዙዎች የሚረሷት አንዲት ሽቦ አለች። ከብረቱ አፍ ተነስታ ወደ ታንከሩና ወደ ጀልባው ግራውንድ የምትሄድ። ቤንዚን በጎማ ቱቦ ውስጥ ሲፈስ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ አፉ ከግራውንድ ካልተያያዘ ያ ኤሌክትሪክ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፣ ብልጭታ ሆኖ የሚወጣው ደግሞ ትነት በሞላበት ቦታ ነው። የአሜሪካ የጀልባ ደንብ በብረቱ አፍና በግራውንዱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም (ሬዚስታንስ) ከ100 ኦም በታች እንዲሆን ያዛል። የኔዋ ሽቦ ጫፏ አረንጓዴ ሆኖ በጣቴ ስነካት ተበጠሰች። ስንት ዓመት እንዲያ እየሞላሁ እንደኖርኩ ሳስብ እስካሁን ይዘገንነኛል። አዲስ ሽቦ፣ አዲስ ጫፍ፣ የተፋቀ ብረት፤ ቴስተሩ ከ1 ኦም በታች አሳየኝ። እባካችሁ ክዳን ባትቀይሩም እንኳ ይህችን ሽቦ እዩአት። ስትሞሉም የማደያው ቱቦ አፍንጫ የብረቱን አፍ ነክቶ ይቆይ።

ከዚህ በኋላ ያለው እንክብካቤ ቀላል ነው፣ ግን ካልተደረገ ያው ታሪክ ይደገማል። ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር ጎማዋን በጣቴ እዞርባታለሁ፤ አሸዋ ካለ ይጠረጋል፣ ስንጥቅ ካለ ትቀየራለች። በየዓመቱ የጀልባ ወቅት ሲጀምር ጥርሱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጸዳለሁ፣ ቤንዚን የማይበላው ግሪስ ስስ አድርጌ ጎማውም ጥርሱም ላይ እቀባለሁ። የጎማውን ዓይነት ሳታዩ አትግዙ። ናይትሪል ለቤንዚንም ለናፍጣም ይሆናል፣ ፀሐይ ግን ያደርቀዋል። ቫይቶን ነዳጁንም ፀሐዩንም የበለጠ ይችላል። ኢፒዲኤም ለውሃ ቧንቧ ግሩም ነው፣ ቤንዚን ሲነካው ግን ያብጣል፣ ለዓይን ደግሞ ሦስቱም ጥቁር ቀለበት ናቸው። መጠባበቂያዎቼን ዓይነታቸውን ጽፌ በላስቲክ አድርጌ ከክዳኑ ቁልፍ ጋር አስቀምጣለሁ።

ማጥበቅ ደግሞ በእጅ፣ ከዚያ በቁልፉ ትንሽ ንክ ብቻ። ሰው ውሃ እንዳይገባ ብሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ያጠብቃል፣ ጎማዋን የሚጨፈልቃት እሱ ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ካቻቢቴና መዶሻ የሚያስፈልገውም በዚያው ምክንያት ነው። ክዳኑን የምትይዘውን ሰንሰለትም ተመልከቱ። ክዳን ውሃ ውስጥ ከወደቀ አይንሳፈፍም። ታንከሩንም አፍ እስከ አፍ አትሙሉት፤ 100 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 2 ሊትር ገደማ ይጨምራል፣ ያ 2 ሊትር በመተንፈሻው ወጥቶ ውሃው ላይ ነው የሚፈሰው። ከሞላችሁ በኋላ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የሞተር ክፍሉን ማናፈሻ ቢያንስ 4 ደቂቃ አሠሩ፣ ከዚያም ራሳችሁ አሽትቱ።

በቀኝ በኩል ከነዳጁ ክዳን አንድ ክንድ ርቀት ላይ የመጠጥ ውሃው ክዳን አለ። መልካቸው አንድ ነው። ክዳኖች ላይ በእንግሊዝኛ «ጋስ» (ቤንዚን)፣ «ዲዝል» (ናፍጣ)፣ «ዋተር» (ውሃ)፣ «ዌስት» (ቆሻሻ ፍሳሽ) ተብሎ ይቀረጻል፣ የኔዎቹ ላይ ግን ጽሑፉ በእግር ተፍቆ አልቋል። አንድ ቀን ሊያግዘኝ የመጣ ጓደኛዬ የቤንዚኑን ቱቦ ይዞ የውሃውን ክዳን ሲከፍት ደረስኩበት። ያኔ ጮኼ አስቆምኩት፣ እሱም ደነገጠ እኔም ደነገጥኩ። አዲሱን ስገጥም በነዳጁ ዙሪያ ቀይ፣ በውሃው ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት ቀባሁ።

ማስቲሹ ደርቆ ሁሉ ከተገጠመ በኋላ ወረቀቷን እንደገና በክር አንጠልጥዬ ዘጋሁ። በዚያ ሳምንት ጥሩ ዝናብ ጣለ፣ ውሃው እንደ ልማዱ በቀኝ በኩል ተኝቶ አደረ። ጠዋት ውሃውን በስፖንጅ አደረቅኩና ክዳኑን በእጄ አዞርኩት፣ ያለ ቁልፍ ተከፈተ። ወረቀቷ ደርቃ፣ ነጭ እንደሆነች፣ ትንሽ ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተች ወጣች።

ግራውንም በዚያው ከፈትኩት። እሱ ገና ውሃ አያስገባም፣ ጎማዋ ግን በጥፍር ስትጫን እንደ ቀኟ መደደር ጀምራለች። ጎማዋን ቀይሬ ግሪስ ቀባኋት። ከግራው አፍ ስር ያለው እንጨት እንዴት እንዳለ ግን ብሎኖቹ ሳይፈቱ አይታወቅም፣ ዝናቡ ሲያባራ የምጀምረው በእሱ ነው።